ታጥቤ ተቀብቼ ሐኪም ቤት

ቆዳዬ ድኗል፤ ንዴቴ ግን ገና አልዳነም። ስለ ገላዬ ለሰው ማውራት ደስ የሚለኝ ሴት ሆኜ አይደለም ይህን የምጽፈው። ከእናንተ መሃል እንደ እኔ ልጇን ልታርስ ወደ ሰው አገር የምትሄድ እናት ካለች፣ እኔ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ እንዳትገባ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ዓመት ልጄ ማርታ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ግማሽ ሻንጣ የአጥሚት እህል ይዤ ሄድኩላት። እንድቆይ የተፈቀደልኝ ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ሕፃን ለማቀፍ ይበቃል ብዬ ነበር።

እንግሊዝኛ አላውቅም አልልም። የማስተምርበት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አነባለሁ፣ በዝግታ ከተጻፈልኝም እመልሳለሁ። አሜሪካኖቹ ሲናገሩ ግን ቃላቱ ተያይዘው ይመጡና የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ሳላውቅ ሰውየው መልሴን እየጠበቀ ያየኛል። ያኔ እኔም ፈገግ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ያ ፈገግታ ብዙ ነገር አበላሽቶብኛል።

ከሄድኩ ገና ብዙም ሳይቆይ የግራ ክንዴን ውስጡን በላኝ። ትንሽ ቀይ ነገር ወጥቶበታል። ቁንጫ ነው አልኩ፤ ከዚያ የአየር ለውጥ ነው አልኩ። የምተኛው ሳሎን ውስጥ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ ላይ ነው። ሞካ የምትባል ቡናማ ድመታቸውም እግሬ ሥር ትተኛለች፤ ባባርራትም ተመልሳ ትመጣለች። ቀዩ ነገር ከክንዴ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴም ወደ ወገቤ ዞረ። ማሳከኩ ሰው ፊት እንኳን አላስቀምጥ አለኝ።

የማርታ ባል ዮናስ በልጅነቱ ኦክላንድ መጥቶ ያደገ፣ አማርኛ ሁሉንም የሚሰማ፣ ግማሹን የሚናገር ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ሕፃኗን ሊያን ላጥባት እጅጌዬን ስሰበስብ ክንዴን አየውና ፊቱ ተለወጠ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ይሄ ነገር ኮንቴጅየስ ከሆነስ? እስክናውቅ ድረስ ሊያን ባይይዟት ቤተር ነው።"

ሕፃኗን ከእጄ ተቀበለኝ። ማርታ አልጋዋ ላይ ሆና አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ልክ ነው፣ ሐኪም እስኪያየው ልጠንቀቅ አልኩ በአፌ። በልቤ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦታዬ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ወንበር ሆነች። እዚያ ሆኜ አበስላለሁ፣ ልብስ አጥፋለሁ። ሊያ ስታለቅስ መሄድ አልችልም፤ ስለዚህ ከወንበሬ ሆኜ አወራታለሁ። ወሬዬ ሲያልቅ ደግሞ ለተማሪዎቼ ሳስጠና የኖርኩትን የወንዞች ስም እደረድርላታለሁ። "አባይ፣ ተከዜ፣ ባሮ፣ ኦሞ፣ አዋሽ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ዳዋ።" ሞካ ግን ጭራዋን አቁማ በእግሬ ሥር ታልፍና ዘው ብላ መኝታ ቤት ትገባለች። ከሕፃኗ አልጋ ሥር ተጠቅልላ ትተኛለች። ድመት የሚገባበት ክፍል ለአያት ተከለከለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም እዚያው ኦክላንድ ነበር። ማርታ ገና ከአልጋ ስላልተነሳች የወሰደኝ ዮናስ ነው። እንግዲህ እኔ ሐኪም ፊት እንዴት እንደሚቀረብ የተማርኩት ከእናቴ ነው። ልጆች ሆነን ጤና ጣቢያ ልንሄድ ስንል እንደ በዓል ቀን ታጥበን፣ ቫዝሊን ተቀብተን፣ የክት ልብሳችንን ለብሰን ነው። ሐኪም የሚነካው ገላ ቆሽሾ አይቀርብም፤ ሲሆን ሲሆን ሕመሙም ትንሽ አምሮበት መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ክንዴን በሳሙና ሙልጭ አድርጌ ታጠብኩ። ከዚያም ከአዲስ አበባ ፋርማሲ ለፊቴ ማድያት የገዛኋትን ቅባት ቀባሁት። ቅላቱን ቶሎ እንደምታበርድልኝ አስቀድሜ ደርሼበታለሁ። በላዩ ላይ ቫዝሊን ደረብኩ፤ ክንዴ አብረቀረቀ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እንዴት ነኝ ብሎ ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ፤ ሰው ሰላምታ ሲያቀርብልህ ሌላ ምን ይባላል? ዮናስም እንዳለ ተረጎመለት። ክንዴን ከሩቅ አየ። ሌላ ቦታ አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት። ወገቤን ልግለጥ? አማቼ ፊት? ሐኪሙ የልብስ ሳሙና አልስማማት ብሎ ነው አለና የሚያሳክክ ነገር የሚያስታግስ ክኒን ጽፎ ሸኘን። ማርታ ሳሙና ቀየረች። እኔም ክኒኑን ዋጥኩ፤ ቀን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ከማለት በቀር አንድም ነገር አልለወጠም።

ሁለተኛው ክሊኒክ ብዙ ሰው የሚጠብቅበት ነው። አንድ አዛውንት ቻይናዊ፣ ሁለት ልጆቿን የያዘች ሜክሲኳዊት፣ እኔ። ሁላችንም ስማችን ሲጠራ የእኛ መሆኑን ለማወቅ አንገታችንን እናቀናለን። የእኔን ስም ምን አድርገው እንደሚጠሩት አልነግራችሁም፤ ሁለቴ አለፈኝ። ስገባ ሐኪሟ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ከየት እንዳለ የማላውቀው ወንድ በአማርኛ "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ" አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ተቋረጠ። ሄሎ፣ ሄሎ ስንባባል ከቆየን በኋላ ተመለሰ።

"ሐኪሟ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ይላሉ።"

"ምንም የለም።"

እውነቴን ነበር። መድኃኒት ለእኔ የሚዋጥና የሚወጋ ነው። ጠዋት የተቀባሁት ቅባት ደግሞ ቅባት ነው። ማን ነው ቅባቱን መድኃኒት ብሎ የሚቆጥረው? ወገቤንም እንዲሁ ለማያየኝ ወንድ አፍ አውጥቼ ልነግረው አልፈለግኩም። ሐኪሟ ክንዴን አይታ፣ አሁንም ያብረቀርቃል፣ ችፌ ነው አለች። ሌላ ቅባት ሰጠችኝ። ከእኔው ጋር ደረብኩት።

አንድ ሳምንት ያህል ዳንኩ። ዮናስ ራሱ "እማማ፣ በጣም ኢምፕሩቭ አድርጓል" አለኝ። ነገ አቅፋታለሁ ስል በማግስቱ ከበፊቱ ብሶ ተነሳ። እንዲህ እየዳነ እየተነሳ፣ እየዳነ እየተነሳ ሰነበተ። ተስፋ ከማጣት ይልቅ ተስፋ እያገኙ መነጠቅ እንዴት እንደሚያናድድ ያየው ያውቀዋል።

በመሃል የሊያ ክርስትና ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማላውቃቸው ሴቶች ሁሉ "አያት፣ እስቲ ይያዟት!" ይሉኛል። "ጉንፋን ይዞኝ" አልኩ። የቆዳ በሽታ አለብኝ ማለት ሞት መሰለኝ። እጅጌዬን እስከ ጣቴ ስቤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር በዓይኔ ተከተልኳት። ሁሉም አቀፋት።

የዚያን ዕለት ማታ ከማርታ ጋር ተጣላን።

"እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ሐኪም በጠየቀሽ ቁጥር ደህና ነኝ ትያለሽ! እንዴት ሲሪየስ አድርገው ይዩሽ?"

"ምን ልበለው? ገና ሰላም ሲለኝ ላልቅስበት?"

"አዎ! እዚህ አገር አልቅሺበት!"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዮናስ ሕፃኗን ይዞ በረንዳ ላይ ወጣ።

የቆዳ ስፔሻሊስት መፈለግ ተጀመረ። ኦክላንድ ውስጥ የተገኘው ቀጠሮ የመመለሻ ትኬቴ ካለፈ በኋላ ነው። አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ አላሜዳ፣ ያሉት ደግሞ አዲስ ሰው አንቀበልም አሉ። ሌላው የእንግዳ ኢንሹራንስ አንወስድም አለ። ማርታ ጡት እያጠባች በየቦታው ስትደውል ሰነበተች። በመጨረሻ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሰው ቀጠሮውን ሰርዞ "ነገ መምጣት ከቻላችሁ" ተባለ።

ማርታ ራሷ ነዳች። ሊያ ከኋላ ወንበሯ ላይ ታስራለች፤ እኔ ከፊት ነኝ፣ እንዳልዞር አንገቴን ይበላኛል። ክሊኒኩ ጃፓኖች የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ የሱቆቹ ጽሑፍ እንኳን የእነሱ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ጃፓናውያን አዛውንቶች ናቸው። ስገባ አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሳችኝ። እኔም እጅ ነሳሁ። ደግማ ጎንበስ አለች፤ ደግሜ ጎንበስ አልኩ። ማርታ በሳቅ ሞተች። ከኦክላንድ ከወጣሁ፣ ምን ከኦክላንድ፣ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ጀምሮ ያለ አስተርጓሚ የተግባባሁት ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ጃፓንኛዬ እዚያው ላይ አለቀ።

ሐኪሟም ጃፓናዊት ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች። የስልኩ አስተርጓሚ ዛሬ ሴት ናት፤ ማርታም ሕፃኗን ይዛ ውጭ ቆየች። ወገቤን አሳየሁ። ሐኪሟ ግን እንደ ሌሎቹ ከሩቅ አላየችም። ጣቷን ክንዴ ላይ አሳረፈችና አንሸራተተችው። ቆም አለች። ሶፍት መዛ ክንዴን ጠረገች፤ ሶፍቱን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ ተናገረች።

"ዛሬ ጠዋት ምን ተቀብተው ነው የመጡት?" አለች አስተርጓሚዋ።

ይህን ጥያቄ እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀኝም! ቅባቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ሐኪሟ መነጽሯን ለውጣ ጽሑፉን አነበበችና ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት። ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፦ በቅባቷ ውስጥ ያለው ኃይለኛ መድኃኒት ቅላቱንና ማሳከኩን ያባብለዋል፤ ከሥር ያለው በሽታ ግን ዝም በተባለ ቁጥር እየተስፋፋ ይሄዳል። መልኩንም ስለሚለውጠው ሐኪም አይቶ አይለየውም። ሁለተኛዋ ሐኪም የሰጠችኝም የዚያው ዘመድ ነው።

"ሁሉንም ያቁሙ። በሁለት ሳምንት ይመለሱ። ሲመለሱ ምንም እንዳይቀቡ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ቦታውን አይታጠቡትም።"

አስተርጓሚዋ የተሳሳተች መሰለኝ። "አይታጠቡም ነው ያልሽኝ?"

"አዎ እናቴ፣ እንዳለ ይምጡ ነው የሚሉት።"

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ለጠላቴ አልመኝም። ቅባቱ ሲቀር ክንዴ እሳት ሆነ፤ አንገቴ ቆሰለ፣ ተላላጠ። ማርታ ቱቦዋን ወስዳ ደበቀቻት፤ እኔ ግን የሩዝ ጣሳው ኋላ እንዳለች አውቅ ስለነበር፣ ሺህ ጊዜ ላነሳት እያማረኝ እያየሁ ማለፍ ነበረብኝ። ዮናስ የነካሁትን የበር እጀታ ሁሉ ይወለውላል። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ለሊያ ወንዞቼን እደረድራለሁ፤ ወሩ ደግሞ ይሄዳል። እናት አገሬ ተመልሼ "የልጅ ልጅሽ እንዴት ናት?" ሲሉኝ ምን ልመልስ? ከሩቅ አይቻታለሁ ልበል?

የቀጠሮው ቀን ሳልታጠብ፣ ሳልቀባ፣ በቤት ልብሴ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት እንኳን እንዲህ ሆኜ ሄጄ አላውቅም። ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። ሐኪሟ እጅጌዬን ስትገልጥ ፊቷ በራ፤ የአበባ እቅፍ የተሰጣት መሰለች። እኔ በቁጣ ጦፌያለሁ። ከቅርፊቱ በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጋ መስታወት ላይ አደረገች፤ ጠብታ ጨመረችበት፤ ወጣች። ስትመለስ ጠርታኝ በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ፤ ቀጫጭን ክር የሚመስሉ ነገሮች ተጠላልፈው አየሁ።

"ፈንገስ ነው ይላሉ" አለች አስተርጓሚዋ። ፈንገስ ሲባል ብዙም አልመሰለኝም። ሐኪሟ ግን አንድ መጽሐፍ ገልጣ የሕፃን ልጅ ራስ ላይ ያለ ክብ፣ ዳሩ ያበጠ ነገር አሳየችኝ።

"ጭርት!" ብዬ ጮህኩ።

"አዎ እናቴ፣ ጭርት ነው" አለች አስተርጓሚዋም፤ ስልኩ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ስንት ዘመን ሰልፍ ላይ ቆሜ ጭርት ያለበትን ተማሪ ከሩቅ ለይቼ ወደ ጤና ጣቢያ የላክሁ ሰው፣ የራሴን ክንድ ጭርት በቅባት አባብዬ አሳድጌ፣ ሐኪም ለሐኪም ሳዞረው ከረምኩ። ለመሳቅም ለማልቀስም አልተመቸኝም።

ከዚያ ሐኪሟ ጠየቀች፦ "ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?"

ማርታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ቤት ገብተን ሞካን ገልብጠን ስናያት ከግራ ጆሮዋ ኋላ ፀጉሯ የረገፈ፣ ሽሮ የተነሰነሰበት የሚመስል ቦታ ተገኘ። የሚገርማችሁ፣ ለሞካ የእንስሳት ሐኪም ቀጠሮ የተገኘው በዚያው ቀን ነው! ማንም ኢንሹራንሷን አልጠየቃትም፤ አስተርጓሚም አላስፈለጋትም። ሳትታጠብ፣ ሳትቀባ ሄዳ በአንድ ጊዜ ታወቀላት። ዮናስ በሣጥን ይዟት ተመልሶ መጣና ፊቴ ቆመ።

"እማማ፣ አይ ሚን፣ እኔ... እርስዎን ከልክዬ እሷን..."

"ተወው ልጄ" አልኩት። ግን ቶሎ አላልኩትም። ትንሽ አቆየሁት።

ለእኔ የሚዋጥ ክኒንና ሌላ ቅባት ታዘዘልኝ። ሊያን ሐኪሟ አገላብጣ አየቻት፤ ምንም የለባትም። ያን ስሰማ ዮናስን ይቅር አልኩት፤ መከልከሉስ ልክ ኖሯል፣ የተሳሳተው እኔን ከልክሎ ድመቷን መተዉ ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ አልያዝኳትም። ማሳከኩ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ቅርፊቱ ረገፈ፤ ቦታው ጠቆር ብሎ ቀረ።

እኅቶቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄዱ አትሽቀርቀሩ። ሕመማችሁ የሚያስቀይም ከሆነ እንደሚያስቀይም አሳዩት። የምትቀቡትን ሁሉ፣ የፊትም ይሁን የፀጉር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትጠየቁም ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። በአማች በኩል አታስተርጉሙ፤ ሴት አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት አሳፋሪ አይደለም። እንዴት ነሽ ስትባሉም፣ እግዚአብሔርን ቤታችሁ አመስግናችሁ ውጡና ሐኪሙን "በጣም አሞኛል" በሉት።

ሐኪሟ "አሁን ሊያቅፏት ይችላሉ" ያለችኝ የመመለሻዬ ቀን ሲቀርብ ነው። ዮናስ ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን አዘጋጀ። ማርታ ሊያን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ጩኸቷን ለቀቀችው። ሰው መለየት ከጀመረች ወዲህ በቅርብ አይታኝ አታውቅም፤ እንግዳ ሰው ነኝ። ብነካት ባባብላት አልሆነም፤ ወደ እናቷ እጇን ዘረጋች። ዮናስ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

"ተቀበያት" አልኳት ማርታን። ሌላ ምን ልበል? ወደ ወንበሬ ሄጄ፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።  እንዳላለቅስ ብዬ፣ ለማንም ሳይሆን፣ የለመደ አፌ ጀመረው።

"አባይ፣ ተከዜ..."

ጩኸቱ ቆመ። ሊያ አንገቷን አዙራ ክፍሉን ትቃኛለች። ማርታ ትንፋሿን ይዛ በዝግታ ወደ እኔ መጣች። እኔ አላቋረጥኩም። ባሮ፣ ኦሞ፣ አዋሽ እያልኩ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ሊያ አሁን አፌን ነው የምታየው። ገናሌ ላይ እርጥብ መዳፏን አንገቴ ላይ፣ ቁስሉ የነበረበት ላይ አሳረፈችው። ዳዋ አልኩና ወንዞቹ አለቁብኝ። ከአባይ እንደገና ጀመርኩ።